የግራሩ ማሳ ሦስት እንግዶች

ልጅ ሳለሁ አንድ የራሴ ተረት ነበረኝ፤ የሚነገረኝም በዓመት አንድ ምሽት ብቻ ነበር። ሌላው ተረት፣ የጅቡና የቀበሮው፣ የጦጣይቱና የአንበሳው፣ በየምሽቱ ከእራት በኋላ እንደ ቆሎ ይታደል ነበር። የእኔ ግን የማሳ ተረት ነው። አያቴ አባባ ቶላ ዘር ከጎተራ በሚያወጡበት ዋዜማ ካልሆነ በቀር ለዚያ ተረት አፋቸውን አይከፍቱም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ሰው በተረት ይናደዳል ወይ ብሎ የሚስቅብኝ ካለ፣ እስከ መጨረሻው ይስማኝና ከዚያ ይሳቅ።

ቤታችን ገርጂ ነበር። ገርጂ ሲባል ኢምፔሪያል ላይ የሚተራመሰው ሚኒባስና ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰፈር ብቻ ለሚታየው ሰው፣ ያኔ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲህ ያለው ሁሉ እርሻ ነበር ብዬ ብነግረው አያምነኝም። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ይነጥቃል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል። አመሻሽ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ መብራቱ በሣር ክዳናችን ላይ ያልፍና ጩኸቱ የኩራዙን ነበልባል ያርገበግበዋል። አባባ ቶላ ያኔ ተረታቸውን ያቆሙና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ነው ይሉ ነበር።

አባባ ቶላ ማንበብና መጻፍ አያውቁም። ሦስት ማሳ ነበራቸው፤ መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት ለባለርስቱ የምርቱን ሩብ እየከፈሉ በእርቦ ያርሷቸው የነበሩት ናቸው፣ ከታወጀ በኋላም ዕድል ቀንቷቸው እነዚያው ደረሷቸው። የትኛው ማሳ አምና ምን እንደተዘራበት፣ ካቻምና ምን እንደነበረበት፣ ዘንድሮ የማን ተራ እንደሆነ የሚይዙት በልጅ ነበር። እያንዳንዱ ማሳ ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ ልጁ የማሳውን ተረት ይይዛል። ዳር ላይ ብቻውን በቆመው ግራር የሚጠራው ማሳ ከእኔ በፊት የአባቴ ነበር። አባቴ ታደሰ ከልጅነቱ ጀምሮ ያን ተረት ይዞ አድጎ፣ ሚስት አግብቶም እኔ እስክደርስ ድረስ አልለቀቀውም። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ለእኔ ተላለፈ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አባቴ ያን ተረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቀው ነበር።

የዋዜማው ምሽት እንዲህ ነው። እራት ተበልቶ ሲያበቃ የኩበቱ ፍም ይቆሰቆሳል፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ አባባ ቶላ ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ይጠሩኛል። «የት ላይ ነበር የቆምነው?» ይሉኛል። መልስ ከሌለኝ ተረት የለም፤ ተረት ከሌለ ዘር አይወጣም። በስድስት ዓመቴ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እህል በእኔ ምላስ ላይ ነበር። እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ ከዚያ ወዲህ የለም፤ ትምህርት ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም፣ እንደዚያ የሚያስከብር ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ተረቱ የአንዲት መበለት ነው። ጥቁር ናት፣ ሰፊ ናት፣ እንግዳ አትመልስም፤ ግን በዓመት የምታስተናግደው አንድ እንግዳ ብቻ ነው። እኔ ማሳውን በተረከብኩበት ዓመት የገባው ስንዴ ነበር። ጢሙ የተንዠረገገ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ተቀመጠ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ለመበለቲቱ ጥሩ ስጦታ ሰጥቷት ሄደ። እሱን ሸኝታ ጎተራዋን ከፍታ ብታይ ግን ለአይጥ የሚሆን እንኳ አልተረፈም። አባባ ቶላ እዚያ ላይ አቆሙ። ከዚያስ ብል «ከዚያማ ለከርሞ ነው» አሉኝ። ለከርሞ! እየተነፋረቅሁ ተኛሁ፤ በማግስቱ ማሳው ስንዴ ተዘራበት።

በዓመቱ ሽምብራ መጣ። ሽምብራ እንደ ሌሎቹ በክረምቱ መሀል አይመጣም፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ጎረቤት ሁሉ እንግዳውን ተቀብሎ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው የሚያንኳኳው። አጭር ነው፣ አፍንጫው ሹል ነው፣ ሲያዩት ምኑም አይሞላም። መበለቲቱ የማቀርብልህ የለኝም ብትለው፣ ግድ የለም፣ መሬቱ ላይ የቀረችው እርጥበት ትበቃኛለች ብሎ ጥግ ላይ ተኛ። በሄደ ማግስት ወለሉን ስትጠርግ ከሥር ትንንሽ ቋጠሮዎች ትቶላት አገኘች። ኅዳር ላይ ሽምብራው እሸት ሳለ አባባ ቶላ አንድ እግር ነቅለው ሥሩን አሳዩኝ፤ እውነትም ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተጣበቁ ቋጠሮዎች ነበሩ። የመሬት ስንቅ ይሄ ነው አሉኝ። ሽምብራ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ወደ መበለቲቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላት። ምን እንዳላት ለማወቅ እግራቸውን ይዤ ለመንኩ። እሱ ራሱ ተራው ደርሶ ሲመለስ ነው የሚነገረው ብለው እንቢ አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ መጀመሪያ ጤፍ አለ፣ ከዚያ ስንዴ፣ ከዚያ ነው ሽምብራ። ሦስት ዓመት።

በሦስተኛው ዓመት ጤፍ ገባች። እሷ እመቤት ናት፤ ነጭ ለባሽ፣ ቀጭን፣ አጀቧ የማይቆጠር። ሽምብራ የተወውን ቋጠሮ አንድ በአንድ እየፈታች በላች፤ በዚያ ዓመት የመበለቲቱ ቤት ሠርግ ቤት ሆነ። ማሳውም እንደ ተረቱ ሆነ። ጤፉ ነፋስ ሲመታው እየተኛ የሚነሳበት፣ ዛላው ከብዶት የሚያጎነብስበት ዓመት ነበር፤ እኔ ውስጡ ገብቼ ስቀመጥ እናቴ ፈልጋ አታገኘኝም። አውድማው ላይ ሲከመር ክምሩ ከጎጇችን በለጠ። የቀድሞው ባለርስት ዘመን ከተነሳ ዘንዳ፣ ያ ሰውዬም ቢሆን በአውድማ ጊዜ ድርሻውን ሊወስድ ሲመጣ የተዘራውን ነበር የሚወስደው። የሽምብራ ዓመት ከሆነ ሽምብራ ይወስዳል፤ ያልተዘራ ጤፍ አምጡ አይልም። ጨካኝ ነበር ይባላል፣ ግን ማሳ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ኮታ የሚባለው ነገር የመጣው በዚያው በጤፉ ዓመት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ይህን ያህል እህል፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ ለመንግሥት ያስረክባል ተባለ። ይህን ያህል የሚለውን ለማወቅ ደግሞ አንድ ካኪ የለበሰ ወጣት ክላሰር ይዞ ወደ እኛ መጣ። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ከተመረጠ ዓመት አልሞላውም። ማኅበሩ ከስልሳ በላይ አባወራ ነበረው፤ የአንዱ ማሳ በስንዴ ዓመት ላይ ነው፣ የሌላው በባቄላ፣ የሌላው በጓያ። አባቴ ግን እንግዳውን ወደ ማንም አልወሰደውም። በቀጥታ ወደ እኛ አውድማ፣ ወደ ግራሩ ማሳ ክምር ይዞት መጣ። ደረቱን ነፍቶ ከፊት ከፊት ሲሄድ እስካሁን ይታየኛል።

ወጣቱ ይህ ማሳ ምን ያህል ይሰጣል ብሎ ጠየቀ። አባቴ ከክምሩ የሚወጣውን ሙሉውን ነገረው፤ አንድ ቁና አላስቀረም። በበሬዎቹ እህሉን ሲያበራዩ የነበሩት አባባ ቶላ ጅራፋቸውን ዝቅ አድርገው ቀረብ አሉ።

«ዘንድሮ ነው የሰጠው፣ ጌታው። ከሽምብራ በኋላ ስለሆነ ነው። ለከርሞ ይህን አይሰጥም፣ ተራው የስንዴ ነው» አሉት።

ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የመለሰላቸው፤ ወረቀቱን እንኳ ወደ እሳቸው አዙሮ አሳያቸው፣ ማንበብ እንደማይችሉ አልጠረጠረም።

«አባት፣ ቅጹ ላይ ምን ያህል የሚል አለ እንጂ ከምን በኋላ የሚል ቦታ የለውም።»

አባባ ቶላ ወረቀቱን ዓይተው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የክምሩ ሥር ጭድ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማሳው የማን እንደሆነ፣ መጽሐፉ ማን እንደሆነ ሊያሳዩት ነው። ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው እህላቸውን የሚዘሩት በእኔ ቃል ነው።

«ብዙነሽ፣ ንገሪያቸው» አሉኝ። «የት ላይ ነው ያለነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አውቃለሁ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጤፍ። ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ አልተቆጣም፣ አላፈጠጠብኝም፤ ጭንቅላቱን ብቻ በትንሹ፣ ማንም በማያየው ልክ፣ ግራና ቀኝ አነቃነቀው። ያን የሚያህል አባት፣ ተረቱን አንድ ሁለት ጊዜ የሰማ ሳይሆን በተረቱ ያደገ ሰው፣ የስምንት ዓመት ልጁን ዋሺ አላት።

«አላውቅም» አልኩ።

ወጣቱ ፈገግ ብሎ ጻፈ። አባባ ቶላ ለጥቂት ጊዜ አዩኝና ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ፤ ሆ እያሉ ያበራዩ የነበሩት ሰውዬ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድምፃቸው አልወጣም። እናቴ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አገኘችኝና ዝም አይነቅዝም ልጄ አለችኝ። ትልቅ ሰዎች የሚሉት ነው። ውሸት ነው። ዝምታ ይነቅዛል። የእኔ ሲነቅዝ ዓይቻለሁ።

ኮታው ለማኅበሩ ሁሉ በዚያ ክምር ልክ ተቆረጠ። ስንዴ ያለበትም፣ ባቄላ ያለበትም፣ ጭንጫ ላይ ያለውም፣ የግራሩ ማሳ በዚያ ዓመት የሰጠውን ያህል ጤፍ በየዓመቱ ያምጣ ተባለ። ጤፍ የተጠየቀ ሰው ሽምብራ ዘርቶ ምን ሊያስረክብ ነው? ስለዚህ በየማሳው ጤፍ በጤፍ ላይ ተዘራ። አባቴ አርአያ ማኅበር ናችሁ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በሚቀጥለው ክረምት የዘር ዋዜማ ሲደርስ ቁርበቱ ጫፍ ላይ ቀድሜ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፍሙ ተቆሰቆሰ፣ አውሮፕላኑም መጥቶ አለፈ። አባባ ቶላ ገመዳቸውን ገመዱ፣ ገመዱ፣ ከዚያ ተነስተው ጎተራውን ከፍተው የጤፉን ዘር አወጡ። አልጠየቁኝም። ቢገርፉኝ ምናለ እላለሁ። የማያውቅ ልጅ አይጠየቅማ፤ አላውቅም ብዬ የለ!

መጀመሪያው ዓመት እንደ ምንም አለፈ። በሁለተኛው አረሙ ከጤፉ ቀድሞ አደገ፤ እኔም፣ እናቴም፣ አክስቶቼም ጭቃው ውስጥ ተንበርክከን ክረምቱን ሙሉ ስንነቅል ዋልን፣ ስንመለስ ደግሞ ከኋላችን በቅሎ ይጠብቀናል። በሦስተኛው የግራሩ ማሳ የሰጠው ድሮ ከሚሰጠው እኩሌታው አይሞላም። ጤፉ እንደ ሕፃን ፀጉር ሳስቶ አፈሩ በመሀሉ ይታይ ነበር። ኮታው ግን ያው ነው። ያ ወጣት ተመልሶ አልመጣም፤ ሌላ መጣ፣ ቁጥሩ ግን ከቀድሞው ክላሰር ተገልብጦ የመጣ ነው።

ያኔ ነው የዓባይን ልጅ ውሃ የጠማው። ጤፍ ዘርተን፣ ጤፍ አጭደን፣ ኮታ ለመሙላት ሾላ ገበያ ወርደን ከነጋዴ ጤፍ ገዛን። በውድ ገዝተን ለመንግሥት በርካሽ አስረከብን። ቀዩ በሬያችን የተሸጠው ለዚህ ነው፤ አባባ ቶላ ከጥጃነቱ ያሳደጉት፣ ያን ክምር ያበራየው በሬ። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ሆኑ፣ አንዱ በሬ፣ አንዱ ላም፣ አንዱ የሚስቱን የብር ጌጥ። ይህ ሁሉ የሆነው መሬቱ ከፍቶ አይደለም፣ ዝናብ ቀርቶም አይደለም። ተራ የማያውቅ ሰው ስላዘዘን ነው፣ ተራ የሚያውቀው ደግሞ ስላጎበደደ ነው። ድርቅ ቢሆን ፈጣሪን እንለምን ነበር።

አባባ ቶላ በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከዘር በፊት ሞቱ። ያለፈው መስከረም ላይ፣ ሕመሙ ሲጀምራቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ ከቁርበት የማይበልጥ መደብ ላይ ሽምብራ ዘርተው ነበር፤ ለቆሎ ነው ይሉ ነበር። የለቅሶው ቀን እኔ ሄጄ የደረቀውን አገዳ ነቅዬ ሥሩን ዓየሁት። ቋጠሮዎቹ ጠፍተው ነበር። ሹክታውን ይዘውት ሄዱ ብዬ፣ ከሞታቸው ይልቅ በእሱ አለቀስኩ። ልጅ ነኛ።

ከዚያ ወዲያ ከአባቴ ጋር ስንኖር ልቤ ለእሱ ተዘግቶ ነው። ኮታው በኋላ ተነሳ፣ መንግሥቱም ተራው ደርሶ ሄደ፣ ከተማውም መጥቶ ማሳውን ዋጠው። የግራሩ ማሳ ዛሬ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ ሥሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር መሬት አስባለሁ፤ አርፏል እላለሁ፣ ከሁላችንም። አባቴ አርጅቶ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። አበላዋለሁ፣ አሳክመዋለሁ፣ አባዬ እለዋለሁ። ያን አውድማ ግን አንድም ቀን አላነሳንም።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ልጄ ሳሮን ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ስትቁነጠነጥ አያቷ ሻማው አጠገብ ጠርቶ አስቀመጣት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። «አንዲት መበለት ነበረች» ሲል ሰማሁት። እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ። የእኔ ተረት ነበር። ሊያውም ሦስት ዓመት የሚፈጀውን በአንድ ትንፋሽ እየደረደረው! ስንዴን አስገብቶ አስወጣ፣ ሽምብራን ጥግ ላይ አስተኛ፣ ከዚያ ድንገት ጠፋበት። ዕድሜ ነው፤ አሁን አሁን ቃል ይጠፋበታል። ዙሪያውን ፈልጎ ሲያጣ አንገቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ብዙነሽ፣ የት ላይ ነበር የቆምነው?»

የአባቱን ጥያቄ፣ በአባቱ ቃል። ከዚያ አውድማ ጀምሮ መልሱን ተዘጋጅቼበት ነበር። አላውቅም ልለው ነው። እሱ ራሱ ያስተማረኝን መልስ ልመልስለት፣ እሱም በጨለማው ውስጥ ተረቱ እንደተቆረጠበት ይደር። አፌን ከፈትኩ። ሳሮን ግን አንገቷን አስግጋ ታየኛለች፤ ቁርበቱ ጫፍ ላይ የምትጠብቀው ልጅ ራሷ ናት።

«ሹክ ያላት ላይ» አልኩ። «ያኔም አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

ሻማው ላይ የቀለጠውን ሰም በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። የረሳው መሰለኝ።

«እኔም» አለ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሳሮን ዞረና፣ ሽምብራ በመበለቲቱ ጆሮ የተናገረውን ነገራት። «እኔንም ቢሆን አታስቀሪኝ፤ ከሰነበትኩ እኔም እበላሻለሁ» አላት።

ለዚህ ነበር ያለቀስኩት። ያ ደጉ፣ እራት የማይጠይቀው፣ ስንቅ ትቶ የሚሄደው እንግዳ እንኳ፣ ተራውን ካለፈ ቤት ያፈርሳል። ይህን አባባ ቶላ ያውቁ ነበር፣ አባቴ ያውቅ ነበር፣ ቅጹ ብቻ አያውቅም። ስንት ሰው በዚያ ቅጽ ተዳኘ!

ሳሮን ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ከዚያስ እያለች ክንዱን ትጎትተዋለች። አባቴ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት።

«ከዚያማ ለከርሞ ነው» አልኳት።

አኮረፈች። ሻማውን ይዤ አባቴን ወደ መኝታው ወሰድኩት፣ ጫማውን አወለቅሁለት፣ ብርድ ልብሱን አለበስኩት። ንዴቴ እዚያው አጠገቤ ነበር፤ ስንት ክረምት እኔ ዘንድ እንደ ሰነበተ ያን ምሽት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠርኩት።